ካሜራውን ጀልባው ላይ ተዉት

ፎቶዬን አይታችሁት ይሆናል። ሰማያዊ ውኃ፣ ከላይ የሚወርድ የፀሐይ ጨረር፣ መሃል ላይ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ግዙፍ ዌል ሻርክ፤ ከጎኑ እኔ፣ እጄን ወደሱ ዘርግቼ፣ የድሮ ወዳጄን ያገኘሁ መስዬ። ጅቡቲ፣ አርታ የባሕር ዳርቻ፣ በታኅሣሥ። ከለጠፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ ፎቶ ላይክ ያገኘ የለም። «ጀግኒት» ያሉኝ አሉ። አክስቴ ደውላ «አንቺ ልጅ፣ ከአውሬ ጋር ምን ያታግልሻል?» አለችኝ። ዌል ሻርክ ሰው እንደማይነክስ፣ የሚበላውም ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳትን እንደሆነ አስረድቻት ሳላበቃ «ይሁን፣ ብቻ ዳግመኛ እንዳትሄጂ» ብላ ዘጋችብኝ።

አሁን ፎቶው የማያሳየውን ልንገራችሁ። በዚያች ሰዓት በዚያ አንድ ዓሣ ዙሪያ አራት ጀልባ ቆሞ ነበር። ውኃው ውስጥ ሃያ ሰው እንሆናለን። ዓሣው አፉን ከፍቶ ከውኃው ገጽ ሥር ቀስ እያለ ምግቡን ያጠልላል፤ እኛ ደግሞ እየተጋፋን ፊት ለፊቱ እንቆማለን። አንዱ ጎፕሮውን እንጨት ላይ ሰክቶ አፉ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው። እኔ ጎኑ ደርሼ እጄን ዘረጋሁ፣ ጓደኛዬ አነሣችኝ፣ ዘወር ስል የግራ እግሬ ፊን ጅራቱን ጠረበው። ዓሣው አፉን ዘጋ። ራሱን ወደ ታች አዘቀዘቀና ወደ ጥቁሩ ውኃ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ጀልባው ላይ ስወጣ አስጎብኚው ሁሉንም አይቶ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ «እህቴ፣ ፎቶ ቆንጆ?» ብቻ ነው ያለኝ።

ይህን የምጽፈው ለመጨቃጨቅ ስለሆነ ነገሩን በግልጽ ላስቀምጠው። ስኩባ የሚማር ሰው ቢያንስ ሃምሳ ጊዜ እስኪጠልቅ ድረስ ካሜራ መያዝ የለበትም። ጎፕሮም ቢሆን፣ ላስቲክ የለበሰ ስልክም ቢሆን፣ «ትንሽዬ ናት እኮ» የምትባለዋም ብትሆን። «ፎቶ ተካትቷል» እያለ የባሕር ጉዞ ከሚሸጥ ድርጅትም አትግዙ፤ የሚሸጥላችሁ የገዛ ፊታችሁን ነው። ሃምሳ የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፣ ከሕግ መጽሐፍም አልቀዳሁትም። የራሴን ቆጥሬ ነው። አርባ ገደማ ስደርስ ነው እግሬ የት እንዳለ ዞሬ ሳላይ ማወቅ የጀመርኩት፤ አሥሩን ለጥንቃቄ ጨመርኩበት። ሠላሳ ይበቃል የሚል ካለ እንነጋገራለን። ዜሮ የሚል ግን እስቲ ጠጋ ይበል።

ውኃ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነገሩ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መሬት ላይ ሩቅ ሆኖ አቅርቦ ማንሳት ይቻላል። ስሜን ተራሮች ላይ ዋልያ ያየ ሰው ረጅም ሌንሱን ይገጥምና ከገደሉ ማዶ ሆኖ ያነሣዋል። ዋልያው ሣሩን ይግጣል፣ ሰውየው ፎቶውን ይዞ ይሄዳል፣ ማንም ማንንም አልነካም። ውኃ ግን ይህን አይፈቅድም። ውኃ ብርሃን ይበላል። መጀመሪያ የሚበላው ደግሞ ቀዩን ነው፤ አምስት ስድስት ሜትር ላይ ቀይ ነገር ሁሉ መደብዘዝ ይጀምራል፣ አሥር ሜትር ላይ አብዛኛው ቀይ አልቋል፣ ሃያ ሜትር ላይ ጣትህ ቢቆረጥ ደምህ አረንጓዴ መስሎ ይወጣል። በዚያ ላይ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ በአንተና በዓሣው መካከል እንደ ጉም ይጋረዳል። ሩቅ ሆኖ ያነሣ ሰው የሚያገኘው ሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ያለ ጥላ ነው። ፍላሽ ብትይዝም ብርሃኑ ሲሄድም ሲመለስም በመንገድ ቀዩን እየጣለ ስለሚመጣ ከሩቅ አይሠራም። ስለዚህ የውኃ ውስጥ ፎቶ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚደጋግመው ነገር አንድ ነው፤ ቅረብ፣ አሁንም ቅረብ። አንድ ሜትር፣ ቢቻል ከዚያም በታች።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጀማሪ መቅረብ ይችላል፣ መቆም ግን አይችልም።

ውኃ ውስጥ «መቆም» ማለት ሳይሰምጡ፣ ሳይነሡ፣ ሳይቀዝፉ አንድ ቦታ መንሳፈፍ ነው። የሚያቆምህ ወገብህ ላይ ያለው እርሳስ፣ ጃኬትህ ውስጥ ያለው አየርና ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንፋሽህ ነው። አየር ስትስብ ትነሣለህ፣ ስትተነፍስ ትወርዳለህ። ችግሩ ወዲያው አለመሆኑ ነው፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ይህን መዘግየት ሰውነት እስኪለምደው ድረስ ጀማሪ እንደ ሊፍት ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል። በዚያ ላይ ፊን ሲደረግ እግርህ ከምታስበው በላይ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ከኋላህ ስለሆነ አይታይህም። መነጽርህ ነገሩን ሁሉ በሲሶ ያህል አተልቆ፣ በሩብ ያህል አቅርቦ ያሳይሃል። እንግዲህ ለዚህ ሰው ካሜራ ስጡት። ሁለቱ እጆቹ ተያዙ። ዓይኑ የጣት ጥፍር በሚያህል ስክሪን ላይ ተተከለ። ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ ደግሞ ትንፋሹን ይይዛል!

ትንፋሽ መያዝ ስኩባ ላይ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ክልክል ነው። ከአሥር ሜትር ወደ ላይ ስትወጣ ሳንባህ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ሳንባን ይቀዳል። አስተማሪዬ ይህን በሙሉ ከባድነት ነግሮኝ፣ በአምስተኛው ቀን ግን ካሜራ ሲያከራየኝ ምንም አላለም። ኪራዩ ለብቻው ነው የሚከፈለው።

ሙሻ ደሴት አጠገብ ስድስተኛ ጊዜ ስጠልቅ ያደረግኩትን ልናገር፤ ሌላውን ስወቅስ ራሴን ላልደብቅ። አንዲት ብርቱካናማ ቀንድ አውጣ መሳይ፣ ቅርፊት የሌላት፣ የአውራ ጣቴን ግማሽ የምታህል ፍጥረት ኮራል ላይ አየሁ። ላንሣት ተጠጋሁ። ሲደበዝዝብኝ እንደገና ተጠጋሁ። አየር ስቤ ያዝኩ፣ ተነሣሁ፤ ለመውረድ ተነፈስኩ፣ ከምፈልገው በላይ ወረድኩ፤ ራሴን ለማዳን በእግሬ ገፋሁ። ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ ብስኩት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ዞሬ ሳይ የጣቴን ርዝመት የሚያህሉ ሦስት አራት ቅርንጫፎች አሸዋው ላይ ወድቀዋል፣ ስብራቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ቅርንጫፋም ኮራል ፈጣን የሚባለው ነው፤ ምቹ ቦታ ላይ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ አሥር ያህል ያድጋል። ድንጋይ መሳዩ፣ ክብ የሆነው ደግሞ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁመቱ እኔን ካከለ እኔ ሳልወለድ፣ እናቴም ሳትወለድ እዚያ ነበር ማለት ነው። ፎቶውስ? ደብዝዞ ወጣ። አጥፍቼዋለሁ።

«ያንቺ ጉድ ነው፣ እኔ እጠነቀቃለሁ» የሚል አለ። እሺ። ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ሉሲያ የምትባል ደሴት ላይ ባርከርና ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች 353 ጠላቂዎችን ከኋላ ሆነው ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በአንድ ጉዞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ኮራል ነክተዋል። ካሜራ የያዙት በደቂቃ በአማካይ 0.4 ጊዜ፣ ያልያዙት 0.1 ጊዜ። አራት እጥፍ ነው! አንድ ጉዞ አርባ ደቂቃ ቢሆን ካሜራ ያለው ሰው አሥራ ስድስት ጊዜ ሲነካ ሌላው አራት ጊዜ ይነካል ማለት ነው። ንክኪ ሁሉ ስብራት አይደለም፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ወደ አንድ ቦታ በዓመት ስንት ሰው እንደሚወርድ አስቡት። ኤላት፣ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ በሆነች ዳርቻ ላይ በዓመት ከ250,000 ጊዜ በላይ ይጠለቅ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ይናገራል።

የሴንት ሉሲያው ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ እሱ ነው። ከመግባት በፊት የሚሰጠው አጭር ገለጻ ብቻውን ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው አስጎብኚው ውኃው ውስጥ ሰውን ሲያርም ነው፤ ጠጋ ብሎ «ተነሥ፣ እግርህን ሰብስብ» ሲል። እርግጥ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1997 ግብፅ ራስ መሐመድ ላይ የተደረገ ጥናት ገለጻ በራሱ ብዙ እንደሚረዳ አሳይቶ ነበር፤ በሰባት ደቂቃ 1.4 የነበረው ንክኪ ወደ 0.4 ወርዷል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን ልዩነቱ ገለጻ የሚባለው ነገር ምን ያህል ገለጻ እንደሆነ ላይ ይመስለኛል። የራስ መሐመዱ ኮራል ምን እንደሆነ በደንብ የሚያስተምር፣ ውኃ ውስጥ ገብቶም የሚያሳይ ነበር። እኔ የሰማሁት «ዶንት ታች፣ ኦኬ? ሌትስ ጎ» የሚል ነው።

አስጎብኚው ለምን አያርምም? በይሉኝታ እንዳትሉኝ፤ ይሉኝታ የእኛ ብቻ ነው ብለን ስንመጻደቅ እንጂ ደንበኛን ማስቀየም የማይፈራ የቱሪስት ሠራተኛ በየትም አገር የለም። ኑሮው ጉርሻ ነው። ዓሣውን አባሮ ፎቶ ያስነሣ ጉርሻ ያገኛል፤ «ራቂ» ያለ «ባለጌ ነው» ተብሎ ኮከብ ይቀነስበታል። እኔን «ፎቶ ቆንጆ?» ያለኝ ልጅ ያኔ ጥፋቴን ቢነግረኝ ምን እል ነበር? እውነቱን ልናገር፤ እቆጣ ነበር። የከፈልኩት ገንዘብ ትዝ ይለኝ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል፤ ከእኔ በፊት እንደኔ ያሉ ስንቶቹን አይቷል። ስለዚህ ጥፋቱን ወደሱ አትግፉብኝ።

አማርኛችን ደግ ቋንቋ ነው። ፎቶ «እናነሣለን» እንላለን እንጂ «እንተኩሳለን» አንልም። ባሕሩ ውስጥ ግን ነገሩ ከአደን ነው የመጣው። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ፣ ከዚህ ሥራ አባቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ «በጦርና በካሜራ ውኃ ውስጥ አደን» ነው። ፈረንሳዊው ኩስቶ በ1943 ከኢንጂነሩ ከጋኛ ጋር ሆኖ ዛሬ የምንተነፍስበትን መሣሪያ ሠራ፤ በ1956 ደግሞ «የዝምታው ዓለም» በተባለው ፊልሙ ካን ላይ ፓልም ዶር ወሰደ። ያንን ፊልም ዛሬ ለማየት አንጀት ይጠይቃል። ዓሣ ለመቁጠር ብለው ኮራል ላይ ድማሚት ያፈነዳሉ። መርከባቸው የዓሣ ነባሪ ግልገል ይመታባቸውና ሻርኮች ሬሳውን ሊበሉ ሲመጡ፣ መርከበኞቹ ሻርኮቹን በመንጠቆ እየጎተቱ በመጥረቢያ ይቀጠቅጧቸዋል። ኩስቶ ኋላ የባሕር ተከራካሪ ሆኖ ነው የሞተው፤ ሰው ይለወጣል። ወደኛ ደጅም መጥተዋል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በ1952 ጣሊያኖች ዳህላክ ደሴቶች ድረስ ዘምተው ውኃ ውስጥ ቀርጸዋል፤ ፎልኮ ኩዊሊቺ «ስድስተኛው አህጉር» ብሎ ያወጣው ፊልም የዚያ ጉዞ ውጤት ነው። እዚያም ካሜራና ጦር ጎን ለጎን ነበሩ።

ከዚያ ጦሩ ተጣለ፣ ካሜራው ቀረ፤ እኛም «አደኑ አበቃ» አልን። አበቃ? ዛንዚባር ሄዳችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ ቀይ ኮከብ ዓሣ ከውኃ አውጥተው በየእጃችሁ ያስይዟችኋል። እዚህ ላይ ፎቶ «ማንሳት» ቃል በቃል ነው። ኮከብ ዓሣ አየር የሚያገኘው ከባሕሩ ውኃ፣ በቆዳውና በእግሮቹ በኩል ነው፤ ፀሐይ ላይ ይዛችሁ ፈገግ ስትሉ ይታፈናል። ከዚያ ለቀጣዩ ሰው ይተላለፋል። ሌላ ቦታ ደግሞ የሚነፋውን ዓሣ ይዘው እያስጨነቁ ኳስ እንዲሆን ያደርጉታል። መነፋት ለዚያ ዓሣ ልትበላው ከመጣች አፍ ማምለጫ፣ የመጨረሻ ጭንቀቱ ነው። እኛ ቆንጆ ነው ብለን ልብ እንልካለን።

ከሚሰነዘሩብኝ መልሶች ሁለቱን አከብራቸዋለሁ። አንደኛው «ባሕሩን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ አንቺ ከጎፕሮ ጋር ትጣያለሽ» የሚለው። ሙቀቱ ዋናው ገዳይ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የቀይ ባሕር ነገር የተለየ ነው። የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች ሌላው ዓለም ላይ ኮራል የሚነጣበትን ሙቀት ከብዙዎች በተሻለ እንደሚችሉ ማኦዝ ፋይንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል፤ ምናልባት ከዓለም ሁሉ ዘግይተው ከሚጠፉት አንዱ ይሆናሉ ይላሉ። ምክንያት የሚሉት ነገር ደስ ይላል። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ እነዚህ ኮራሎች ወደ ቀይ ባሕር የተመለሱት ከደቡብ፣ በባብ አል-መንደብ በኩል ነው። ሰሜን ለመድረስ እጅግ ሞቃት የሆነውን የደቡቡን ውኃ ማለፍ ነበረባቸው፤ ያላለፈው ቀረ፣ ያለፈው ደረሰ። ከእኛ ደጅ ተነሥተው፣ በወንፊት ተነፍተው ነው እዚያ የደረሱት። እንግዲህ ሙቀት ላይገድለው የሚችለውን ነገር በፊን ብንሰባብረው ምን ይባላል? ሙቀቱን እኔ ማስቆም አልችልም። እግሬን ግን እችላለሁ።

ሁለተኛው ይከብዳል። «ሰው ያላየውን አይወድም፣ ያልወደደውን አይጠብቅም፤ ፎቶው ነው ያሳየው» ይላሉ። እውነት አለው። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ውኃ ሲባል የሆቴል መዋኛና የቢሾፍቱ ሐይቅ የማውቅ ልጅ፣ ባሕር ውስጥ እንድገባ ያደረገኝ የሰው ፎቶ ነው። ፎቶ ለሳይንስም ይሠራል። የዌል ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች የሰማይ ከዋክብትን አቀማመጥ ለማነጻጸር ተሠርቶ የነበረን ስሌት ወስደው ነጠብጣቦቹን እንዲለይ አደረጉት፤ ዛሬ ቱሪስት ያነሣው ፎቶ «ይህ ዓሣ ዓምና እዚህ ነበር» ለማለት ይበቃል። ፍላሽ ዓሣ ያሳውራል የሚለውም ክስ ቢያንስ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አንድ ጥናት ላይ አልጸናም፤ ትናንሾቹን ዓሦች ያስጨነቃቸው ከብርሃኑ ይልቅ ለፎቶ ብሎ የሚነካቸው፣ የሚያዞራቸው እጅ ነው። ስለዚህ ካሜራ ራሱ ርኩስ ነው አላልኩም። ጥሩ የውኃ ውስጥ ፎቶ አንሺ አይቻለሁ፤ አንዲት የባሕር ፈረስ ፊት አሥር ደቂቃ ሣር ሳይነካ ተንሳፍፎ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ አንሥቶ የሚሄድ። ስንት ጊዜ ጠልቀሃል ስለው «ከሺሕ በኋላ መቁጠር ተውኩ» አለኝ።

ለሳይንስ የሚጠቅመው ፎቶ የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከጎን፣ ከጊሉ ኋላ ያለው የሰውነት ክፍል፣ በተለይ ግራው፣ ቀጥ ተደርጎ የተነሣ። ሰው የለበትም። ጨረር የለበትም። ግድግዳ የመሰለ ነጠብጣብ ብቻ። እሱን የሚለጥፍ ሰው አላየሁም። እኛ የምንለጥፈው የራሳችንን ፎቶ ነው፤ ዓሣው ጀርባችን ላይ ያለ መጋረጃ ነው። ያ ፎቶ ፍቅር ያስተምራል የምትሉኝ ከሆነ፣ እኔን ያስተማረኝን ልንገራችሁ፤ ባሕር ማለት እጅ ዘርግቶ ከዌል ሻርክ ጎን መነሣት ነው ብሎ አስተማረኝ። ሄጄ ያንኑ አደረግኩ። የእኔን አይተው «የት ነው? ስንት ያስከፍላሉ?» ብለው በውስጥ መስመር የጻፉልኝም ያንኑ ሊያደርጉ ነው የሚሄዱት።

ጅቡቲ የሚመጡት ዌል ሻርኮች አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። ሙሉ ዕድሜ ሲደርሱ አሥር ሜትር የሚያልፈው ዓሣ እዚያ ሦስት አራት ሜትር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ልጆች ናቸው በሉት። ቀደም ብሎ ያጠኗቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የጀልባ ወይም የፕሮፔለር ጠባሳ አግኝተዋል። ምግባቸው ከላይ ስለሆነ ከላይ ነው የሚውሉት፣ ጀልባውም ከላይ ነው። አውስትራሊያ ኒንጋሉ ላይ አንድ ዓሣ ዘንድ በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ አይገባም፤ ከሰውነቱ ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ አራት ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፣ ፍላሽም ክልክል ነው። እኛ ሃያ ነበርን። ሦስት ሜትር ስል ደግሞ ትዝ የሚለኝ ከላይ ያልኩት ነገር ነው፤ ከሦስት ሜትር በስልክ የተነሣ ፎቶ አያምርም። ሕጉን የምናፈርሰው ክፉ ስለሆንን ላይሆን ይችላል፤ ሕጉና ቆንጆ ፎቶ አብረው ስለማይኖሩ ነው። አንዱን መምረጥ አለብን።

አንድ ነገር በጨረፍታ። እኛ አገር ስለ ባሕር ቀን ከሌት ይወራል፤ በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየስልኩ። የፖለቲካውን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ልተወው። ግን ያን ያህል ከሚያወራው ሰው ውስጥ ራሱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያየ ስንት ነው? ወደብ እንላለን፣ መርከብ እንላለን፣ ዓሣ የሚል የለም። አሁን ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ያገኘው ወጣት ሞምባሳ፣ ሻርም፣ ፉጃይራ፣ ማልዲቭስ መሄድ ጀምሯል። ደስ ይለኛል፣ በጣም። እኛ ግን ባሕርን ከሌላው ዘግይተን የምናገኝ ሰዎች ነን፤ የመጀመሪያው ትውውቃችን በስክሪን በኩል ባይሆን ምን ነበረበት? ጎፕሮና የውኃ ሽፋኑ በሚገዛበት ብር መዋኘት ተማሩ። ቀልዴን አይደለም። ዋና ሳይችሉ የሕይወት ጃኬት ለብሰው ዓሣ ላይ የሚወድቁ የአገሬን ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲደነግጡ የሚይዙት ነገር ኮራል ነው።

ስለዚህ ስትሄዱ ጠይቁ። በአንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ነው? አንድ ዓሣ ዘንድ ስንት ሰው ታስገባላችሁ? አስጎብኚው አብሮን ውኃ ውስጥ ይገባል ወይስ ጀልባ ላይ ይቀራል? ገና ሳትገቡ ደግሞ አስጎብኚውን ለብቻ ጠርታችሁ «ስሳሳት ያዘኝ፣ አልቀየምህም» በሉት፤ ጉርሻውንም ያን ጊዜ፣ ቀድማችሁ ስጡት። ይህን ዘዴ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ባለፈው ኅዳር ሙሻ ስመለስ ያደረግኩት ይህንን ነው። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አርባ ደቂቃ ሙሉ ምሕረት የለሽ ሆነ። ሦስት ጊዜ ፊኔን ይዞ ወደ ላይ ጎተተኝ። አንዴ ሆዴን በጣቱ ነካ አድርጎ «ተንፍሺ» የሚል ምልክት ሰጠኝ። ካሜራ አልነበረኝም፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ነበር። አሸዋው ላይ አንድ ትንሽ ዓሣ ከአንድ ሽሪምፕ ጋር አንድ ጉድጓድ ሲካፈሉ አየሁ፤ ሽሪምፑ አሸዋ እየገፋ ያወጣል፣ ዓሣው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሽሪምፑ አንቴና ከዓሣው ጭራ አይለይም። ስጠጋ ዓሣው ጭራውን አርገፈገፈ፤ ሁለቱም ጠፉ። ስርቅ ወጡ። የት ድረስ መቅረብ እንደምችል እነሱ ነገሩኝ። ይህን ስንት ጊዜ በላዩ ላይ ዋኝቼ አልፌዋለሁ።

የአርታውን ፎቶ እስካሁን አላጠፋሁትም። ከርሞ ከርሞ ቢያንስ ለአንድ ነገር ይጥቀም ብዬ ነጠብጣብ እያነጻጸሩ ዓሦችን ለሚለዩ ሰዎች ላክሁት። መልሱ አጭርና ትሑት ነበር። አመሰግናለሁ፣ ዓሣውን ግን መለየት አልቻልንም፤ ለመለየት የሚያስፈልገው ከጊሉ ኋላ ያለው ቦታ አይታይም። ከፍቼ አየሁት። እዚያ ቦታ ላይ ያለው የእኔ ክንድ ነው።